በአውቶ መንጃ ፈቃድ ፎርክሊፍት ላይ መቀመጥ ይቻላል? ሰርተፊኬቱስ ምን ያረጋግጣል?

ጥያቄ፦ «ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ የግንባታ ዕቃ አስመጪ መጋዘን ውስጥ በረዳት ስቶር ኪፐርነት እሠራለሁ። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አለኝ። የፎርክሊፍት ኦፕሬተራችን በዚህ ወር መጨረሻ ስለሚለቅ አለቃዬ ‹መኪና የሚነዳ ሰው ፎርክሊፍት አያቅተውም፤ ከእሱ ጋር ጥቂት ቀን ተለማምደህ ተረከብ› ብሎኛል። ማሽኑ ባለ 2.5 ቶን ናፍጣ ነው። ዕቃ የምናራግፈው በራችን ላይ ከሚቆም መኪና ሲሆን፣ ግማሹ በራምፕ ወደ ቤዝመንት ይወርዳል። በሌላ በኩል በኢንተርኔት ፈትኖ ‹ዓለም አቀፍ የፎርክሊፍት ላይሰንስ› የሚሰጥ ድርጅት ማስታወቂያ አይቻለሁ። ወደፊት ዱባይ ሄጄ ለመሥራትም አስባለሁ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? መንጃ ፈቃዴስ አይበቃም?»

ምላሽ፦ በኢንተርኔት ለሚሸጠው ወረቀት አይክፈሉ፤ በወሩ መጨረሻም ማሽኑን አይረከቡ። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድዎ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ከሚለቀው ኦፕሬተር ጋር የሚደረግ የጥቂት ቀን ልምምድም ብቻውን ሥልጠና አይባልም። በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ተቆጥረዋል። ይህ መደባለቅ በሠራተኞች ብቻ ሳይሆን በብዙ አሠሪዎችም ዘንድ ስለሚታይ በዝርዝር ማስረዳቱ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ከመንግሥት የሚሰጠው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ፣ ማለትም በተለምዶ መንጃ ፈቃድ የምንለው ነው። ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሲሆን፣ ፈቃዱ በምድብ የተከፋፈለ በመሆኑ አንድ ሰው ማሽከርከር የሚችለው የያዘው ምድብ የሚፈቅድለትን ብቻ ነው። በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ከፎርክሊፍት ኦፕሬተር «የልዩ ተንቀሳቃሽ መንጃ ፈቃድ» ሲጠየቅ የሚያዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የሥልጠና ማስረጃ ነው፤ ይህም ከማሠልጠኛ ተቋም የሚሰጠውን ሰርተፊኬት ወይም ሲኦሲ እየተባለ የሚጠራውን የሙያ ብቃት ምዘና ውጤት ያጠቃልላል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደግሞ አሠሪው ራሱ «ይህ ሠራተኛ በዚህ ማሽን፣ በዚህ ግቢ፣ ይህን ሥራ እንዲሠራ ተመዝኖ ተፈቅዶለታል» ብሎ በጽሑፍ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። መንጃ ፈቃዱ ሕጋዊ መብትን፣ ሰርተፊኬቱ የተማሩትን፣ የአሠሪው ፈቃድ ደግሞ የተማሩት ነገር በሥራ ቦታዎ ላይ በተግባር መታየቱን ያሳያል። አደጋ በሚደርስበት ቀን ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ በአብዛኛው የማይገኘውም እርሱ ነው።

አለቃዎ «መኪና የሚነዳ ሰው አያቅተውም» ሲሉ የሳቱት ነገር አለ። ማሽኑን ማንቀሳቀስ በእርግጥ አያቅትም፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚህ ቅለት ነው። መሪ፣ ፍሬንና የነዳጅ ፔዳል ስላለው መኪና ይመስላል፤ ነገር ግን መሪው የሚያዞረው የኋላ ጎማዎችን ነው። ኦፕሬተሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ የማሽኑ ኋላ ወደ ቀኝ በሰፊው ይወረወራል። በመኪና ልማድ የፊቱን ብቻ እያየ የሚታጠፍ ሰው ከጎኑ የቆመውን ወዛደር ከግድግዳ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። በአብዛኞቹ የመንገድ መኪኖች ላይ የጭነቱ ክብደት በጎማዎቹ መካከል ሲያርፍ፣ በፎርክሊፍት ላይ ግን ከፊት ጎማዎቹ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ሚዛኑን የሚጠብቅለትም ከኋላ የተገጠመው ከባድ ብረት ነው። የኋላው አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ፣ በመሃሉ ባለ አንድ ነጥብ ላይ እየተወዛወዘ ስለሚሠራ ማሽኑ አራት ጎማ ቢኖረውም የሚደገፈው በሦስት ነጥብ ነው፤ እነርሱም ሁለቱ የፊት ጎማዎችና የኋላው አክስል መሃል ናቸው። የማሽኑና የጭነቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ከዚህ ሦስት ማዕዘን ከወጣ ማሽኑ ይገለበጣል። ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር፣ ማሽኑ በፍጥነት በታጠፈ ቁጥር ወይም ወለሉ ባዘነበለ ቁጥር ወደ ጠርዙ ይቀርባል። ብዙዎች የማይጠብቁት ደግሞ ባዶ ፎርክሊፍት በፍጥነት ሲታጠፍ ከተጫነው ይልቅ በቀላሉ በጎኑ ሊወድቅ መቻሉ ነው። ባዶ ሲሆን ክብደቱ ወደ ኋላ፣ ማለትም ሦስት ማዕዘኑ ወደሚጠብበት አቅጣጫ ይሸሻልና።

«ባለ 2.5 ቶን» የሚለው አነጋገርም መታረም ይኖርበታል። ይህ ቁጥር ማሽኑ በማንኛውም ሁኔታ 2,500 ኪሎ ግራም ያነሣል ማለት አይደለም። በዚህ መጠን ያሉ ማሽኖች አቅማቸው የሚለካው በአብዛኛው የጭነቱ ክብደት ማዕከል ከሹካው (ጭነቱን ከሚሸከሙት ሁለት ብረቶች) ጀርባ፣ ማለትም ጭነቱ ከሚደገፍበት ቋሚ ክፍል፣ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲገኝ ነው፤ ማለትም ጭነቱ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ያለውና ክብደቱ የተመጣጠነ ከሆነ ነው። ለምሳሌ 1.6 ሜትር ጥልቀት ያለው የመስታወት ወይም የበር ሣጥን ቢመጣ፣ የክብደቱ ማዕከል 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ከፊት አክስል እስከ ሹካው ጀርባ ያለው ርቀት 45 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ 2,500 በ95 ተባዝቶ ለ125 ሲካፈል 1,900 ይመጣል። ሣጥኑ 60 ሴንቲ ሜትር ስለረዘመ ብቻ 600 ኪሎ ግራም አቅም ጠፍቷል ማለት ነው። ይህ ሒሳብ ግምት ለመስጠት ያህል እንጂ ለውሳኔ አይሆንም፤ የሚወስነው አምራቹ በማሽኑ ላይ የለጠፈው የአቅም ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ማስቱ፣ ማለትም ሹካው የሚወጣበትና የሚወርድበት ቋሚ ብረት፣ ከፍ ሲል አቅሙ በምን ያህል እንደሚቀንስም ይናገራል። በሹካው ላይ ሌላ ተቀጥላ ከተገጠመ ደግሞ የተቀጥላው ክብደትም ከአቅሙ ላይ ይቀነሳል፤ ሰሌዳውም መለወጥ አለበት። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ሰሌዳው ተነቅሎ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል። ሰሌዳ የሌለውን ማሽን ማንም ቢያዝዎት አያንቀሳቅሱ። ከባድ ጭነት ሲመጣ ሁለት ሰው ከኋላ አቁሞ «ሚዛን መጨመር» የሚባለው ልማድም በምንም ሁኔታ ተቀባይነት የለውም።

ወደ ራስዎ መጋዘን ስንመጣ፣ ከጻፉልኝ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ቤዝመንቱ ነው። በመጀመሪያ ራምፑን እንመልከት። ጭነት የያዘ ፎርክሊፍት ዳገትም ሲወጣ ቁልቁለትም ሲወርድ ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ሹካው ወደ ቁልቁለቱ ያመለክታል። ይህ ማለት ዕቃ ይዞ ወደ ቤዝመንት የሚወርድ ኦፕሬተር ወደ ኋላ እየነዳ ይወርዳል፤ ባዶውን ሲመለስም ወደ ኋላ እየነዳ ይወጣል ማለት ነው። በራምፕ ላይ መታጠፍ ፈጽሞ አይፈቀድም። እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ከሥራው ትልቁ ክፍል አንገትን አዙሮ፣ ጠባብ ራምፕ ላይ፣ ወደ ኋላ መንዳት ነው። የትኛውም የአውቶሞቢል ፈተና ይህን አይመዝንም፤ ሜዳ ላይ በተደረደሩ ኮኖች መካከል ብቻ የሚያሠለጥን ተቋምም ለዚህ አያዘጋጅም። በክረምት ደግሞ ከውጭ በጎማ የሚገባው ጭቃና ውኃ ራምፑን ያንሸራትተዋል። በዝናብ ቀን ራምፑ ሳይጠረግና ሳይደርቅ ጭነት ይዞ መውረድ መከልከል አለበት።

ሁለተኛው የናፍጣው ጭስ ነው። በቤዝመንት ውስጥ የናፍጣ ሞተር ማሠራት የካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የናይትሮጅን ጋዞችንና ጥቀርሻን አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ማጠራቀም ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ብዙዎች ድካም ነው ብለው ያልፉታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ የሚጠጋ የሳሳ ነው፤ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም እዚህ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ኦፕሬተሮች ጋዝ አብዝተው ይረግጣሉ፣ ጭሱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ይህ የከፍታ ጉዳይ የማሽኑን ሚዛን የመጠበቅ አቅም አይለውጥም። «እዚህ ከፍታ ላይ አቅሙ ስለሚቀንስ ነው የተገለበጠው» የሚል ማብራሪያ ሲሰጥ ሰምቻለሁ፤ ስሕተት ነው። ለቤዝመንት የሚሆነው የኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት ነው፤ እሱም ቢሆን ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ የሚሞላበት ቦታ አየር የሚዘዋወርበትና ከእሳት የራቀ መሆን አለበት። ማሽኑን መለወጥ ካልተቻለ፣ ናፍጣው መሬት ላይ ብቻ ይሥራ፤ ወደ ታች የሚሄደው ዕቃ በጭነት ሊፍት ወርዶ ከዚያ በእጅ በሚጎተት የፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት መደብ) ጋሪ ይከፋፈል።

ሦስተኛው አለቃዎም ሆኑ የሚለቀው ኦፕሬተር አስበውበት የማያውቁት ሊሆን ይችላል። ሕንፃው ቤዝመንት ካለው፣ ማሽኑ የሚመላለስበት የመሬቱ ፎቅ ወለል በአፈር ላይ ያረፈ ሳይሆን በአየር ላይ በአምዶች የተያዘ ስላብ ነው። ባለ 2.5 ቶን ፎርክሊፍት ራሱ ከ3.5 እስከ 4 ቶን ይመዝናል። 2 ቶን ጭነት ሲይዝ አጠቃላይ ክብደቱ 6 ቶን አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚህም ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚያርፈው በሁለቱ ትናንሽ የፊት ጎማዎች ላይ ነው። ለሱቅ ተብሎ የተሰላ ወለል በተለምዶ የሚሸከመው በካሬ ሜትር 400 ወይም 500 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በቀጥታ የሚነጻጸሩ ባይሆኑም ጉዳዩ የመሐንዲስ ውሳኔ እንደሚያስፈልገው ለማሳየት ይበቃሉ። «እስካሁን ችሏል» ማለት መልስ አይሆንም፤ ኮንክሪት በተደጋጋሚ ጭነት እየተሰነጠቀ ሊቆይ ይችላልና። የሕንፃው ባለቤት ስለ ወለሉ የመሸከም አቅም የተጻፈ ማረጋገጫ እንዲሰጥ አሠሪዎ ይጠይቁ።

ከመኪና ላይ ማራገፉም የራሱ ጣጣ አለው። በዚያ አካባቢ እግረኛው፣ ተሸካሚው፣ ጋሪውና ሚኒባሱ በአንድ መተላለፊያ ስለሚጋፉ፣ ፎርክሊፍቱ ከበሩ ወጥቶ እስከ መኪናው የሚሄድባት ጥቂት ሜትር ከመጋዘኑ ውስጥ ይልቅ አደገኛ ናት። ወደ ሕዝብ መንገድ በወጡበት ቅጽበት የመንጃ ፈቃዱ ምድብና የሦስተኛ ወገን መድን ጉዳይ ይነሣል። ድርጅቱ ማሽኑ ከግቢ ውጭ ለሚያደርሰው ጉዳት ሽፋን እንዳለው ከመድን ሰጪው በጽሑፍ ይጠይቅ። በሥራ ረገድ ግን ዋናው መፍትሔ ሰውን መለየት ነው፦ በማራገፊያ ሰዓት ቦታው በገመድ ወይም በኮን ይታጠር፣ አንድ ሰው ጠቋሚ ሆኖ ይመደብ፣ ኦፕሬተሩም የሚቀበለው የዚያን ሰው ምልክት ብቻ ይሁን። ጭነቱ ፊትን ከጋረደ በደልዳላ መሬት ላይ ወደ ኋላ ይነዳል፤ በጉዞ ላይ ሹካው ከመሬት 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ ማስቱ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል።

አሁን ስለ ሥልጠናው ራሱ። በዚህ መስክ ግልጽ አሠራር ካላቸው አገሮች አንዷ ብሪታንያ ሥልጠናውን በሦስት እርከን ትከፍለዋለች፦ መሠረታዊው፣ ለተለየው ሥራና ማሽን የሚሰጠው፣ በመጨረሻም በሥራ ቦታው ላይ በክትትል የሚደረገው ማለማመድ። ለጀማሪ የሚሰጠው መሠረታዊ ሥልጠና በተለምዶ አምስት ቀን አካባቢ ሲሆን፣ በአንድ አሠልጣኝና በአንድ ማሽን ላይ የሚመደቡት ሠልጣኞች ከሦስት አይበልጡም። ይህን የጠቀስኩት እኛ ላይ ይሠራል ለማለት ሳይሆን፣ መለኪያ እንዲሆንዎ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ማሽን ላይ በሁለት ቀን «አሠለጠንኩ» የሚል ተቋም ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ስንት ደቂቃ መሪ እንዳስያዘው አስልተው ሊደርሱበት ይችላሉ። ከመመዝገብዎ በፊት ሄደው ማሽኑን ይዩ፤ የእርስዎ ዓይነት ሚዛኑን ከኋላ ብረት የሚያገኝ ማሽን ነው ወይስ በረጃጅም መደርደሪያዎች መካከል የሚሠራው ሪች ትራክ? የሁለቱ አነዳድ እጅግ ይለያያል። ራምፕ አላቸው? እውነተኛ ጭነት ያስነሣሉ ወይስ ባዶ ፓሌት? በተግባር ፈተና የሚወድቅ ሰው አለ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሲጠይቁ «የእኛ ሠልጣኝ አይወድቅም» ካሉዎት ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ተቋሙ የሥልጠና ፈቃድ እንዳለው ከሚመለከተው የከተማው መሥሪያ ቤት ያጣሩ።

ከሥልጠናው በኋላ ወደ ሙያ ብቃት ምዘና መሄድ ከቻሉ ይሂዱ። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል ስላለውና የሚመዝንዎ ያሠለጠነዎ ሰው ስላልሆነ፣ ከተቋሙ ሰርተፊኬት የበለጠ ክብደት አለው። ለመንጃ ፈቃዱ ምድብ ደግሞ ለማሠልጠኛ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ወደ አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሄደው የአውቶሞቢል ፈቃድ የያዘ ሰው ምን ምን ማሟላት እንዳለበት በግንባር ይጠይቁ፤ ከደላላ አይስሙ።

ከሚለቀው ኦፕሬተር ጋር የሚደረገው ልምምድ ከንቱ ነው አላልኩም። የመጋዘኑን ጠባይ፣ የትኛው ጥግ እንደሚያስቸግር፣ ፍሬኑ መቼ እንደሚላላ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ልምዱን ሲያወርስ መጥፎ ልማዱንም አብሮ ያወርሳል፤ እርሱ ራሱ በማየት የተማረ ከሆነ ደግሞ ስሕተቱን እንደ ዘዴ አድርጎ ያስተምራል። በጣም የተለመደውን ልጥቀስ፦ ከላይኛው መደርደሪያ ካርቶን ለማውረድ ረዳትን በሹካው ወይም በፓሌት ላይ አቁሞ ማንሣት። ፓሌቱ በሹካው ላይ የታሰረ አይደለም፤ ረዳቱም የሚይዘው ነገር የለውም። ለሰው ማንሻ ተብሎ የተሠራና ከማሽኑ ጋር የሚታሰር ቅርጫት፣ አምራቹም የፈቀደው ማሽን ከሌለ ሰው በሹካ አይነሣም። ከኦፕሬተሩ ጋር የሚለማመዱት ከሥልጠናው በኋላ ይሁን፤ ያኔ ከሚያሳይዎ ነገር የሚወሰደውንና የሚተወውን መለየት ይችላሉ።

ማንም ቢያሠለጥንዎ፣ ሁለት ነገሮች ሳይታወቁ ሥራ አይጀመርም። አንደኛው ከሥራ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ ክላክስ፣ የሃይድሮሊክ ፍሳሽ፣ የማስቱ ሰንሰለትና ሹካው በየቀኑ ይታያሉ። የሹካው ተረከዝ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የቆመው ክፍል ወደ አግድሙ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ከመጀመሪያ ውፍረቱ 10 በመቶ ከተበላ ሹካው የመሸከም አቅሙን 20 በመቶ ያህል ስለሚያጣ ይወገዳል እንጂ አይበየድም። ሁለተኛው ማሽኑ መገልበጥ ሲጀምር የሚደረገው ነው። የሰው ደመ ነፍስ «ዝለል» ይላል፤ ብዙ ኦፕሬተሮች የሞቱት ግን ዘለው ሲወርዱ የራስ መከላከያው ብረት ስለተጫናቸው ነው። ተቀምጦ በሚነዳው በእንደ እርስዎ ዓይነቱ ማሽን ላይ ቀበቶ ታስሮ መቆየት፣ መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ እግርን ወለሉ ላይ መትከልና ማሽኑ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ዘንበል ማለት ነው የሚያድነው። ቀበቶው ተቆርጦ ወይም ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ ካገኙት መጀመሪያ የሚጠገነው እሱ ነው።

«ዓለም አቀፍ ላይሰንስ» ስለተባለው፦ በየአገሩ ተቀባይነት ያለው አንድ የፎርክሊፍት ፈቃድ በዓለም ላይ የለም። እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ ስሙን የሚጠሩት የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ራሱ ለማንም የፎርክሊፍት ፈቃድ አይሰጥም። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ደንቡ የሚለው አሠሪው ሠራተኛውን በንድፈ ሐሳብና በተግባር ማሠልጠን፣ በሥራ ቦታው መመዘንና ማረጋገጥ እንዳለበት ነው። በማረጋገጫውም ላይ የኦፕሬተሩ ስም፣ የሥልጠናውና የምዘናው ቀን፣ እንዲሁም ያሠለጠነውና የመዘነው ሰው ማንነት ይሰፍራል። ምዘናው ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይደገማል፤ አደጋ ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋ ከደረሰ፣ የማሽኑ ዓይነት ወይም የሥራው ቦታ ከተለወጠ ደግሞ ተጨማሪ ሥልጠና ይሰጣል። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት የንድፈ ሐሳቡን ክፍል ሊሸፍን ይችላል፤ የተግባሩን ግን በምንም መንገድ አይተካም። ዱባይን በተመለከተ ደግሞ የከተማዋ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ለቀላልና ለከባድ ፎርክሊፍት የራሱን ፈቃድ ይሰጣል፤ ያንን ፈቃድ የሚያገኙት እዚያው ተፈትነው ነው። እዚህ የሚገዙት ወረቀት ያንን ፈተና አያስቀርልዎትም። የሚጠቅምዎት በማሽን ላይ ያሳለፉት የተመዘገበ የሥራ ዘመንና ከአሠሪ የሚሰጥ ግልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው።

አለቃዎን ለማሳመን የሕጉን አቋም ማወቅ ይረዳዎታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞች በሥራቸው ምክንያት ሊደርስባቸው ስለሚችለው አደጋና ስለሚወሰደው ጥንቃቄ ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኙ የማድረግ ግዴታ ጥሎበታል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም ኃላፊ ነው። እንግዲህ ያልሠለጠነ ሰው ማስቀመጥ ለድርጅቱ ወጪ ቆጣቢ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ሌላም ገጽ አለው፦ ሠራተኛው አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ራሱን ከጎዳ፣ የካሣ መብቱ አጠያያቂ ይሆናል። ስለዚህ «ወደ ቤዝመንት በናፍጣ አትውረድ» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ በቃል ግን «ዛሬ ብቻ ቶሎ በል» የሚባልበት ቦታ ለእርስዎ ከሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ እዚያው ይቆማል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ይሁን። ለአለቃዎ ሥራውን መፈለግዎን ገልጸው፣ ነገር ግን ሥልጠናውን ድርጅቱ እንዲከፍል በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ማሽኑ የድርጅቱ፣ ጥቅሙም የድርጅቱ ነውና ከኪስዎ መክፈል አይገባዎትም። የመንጃ ፈቃዱን ምድብ ጉዳይ ጎን ለጎን ይጀምሩ። ከሥልጠናው ሲመለሱ ልምድ ያለው ኦፕሬተር አጠገብዎ ቆሞ፣ መጀመሪያ ሕዝብ በሌለበት ሰዓት በባዶ ፓሌት፣ ቀጥሎ በቀላል ጭነት፣ ራምፑን ደግሞ በመጨረሻ ይለማመዱ። ከዚያም ከእርስዎም ከአለቃዎም ውጭ የሆነ ብቁ ሰው መዝኖዎት፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የተፈቀደልዎት ቦታና ቀኑ የተጻፈበት ፈቃድ ፊርማና ማኅተም ተደርጎበት በእጅዎ ይግባ፤ አንዱ ቅጂ በግል ማኅደርዎ ይቀመጥ። ቤዝመንቱ በፈቃዱ ውስጥ የሚገባው የጭሱና የወለሉ ጉዳይ መልስ ካገኘ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በወሩ መጨረሻ አይደርስም። እስከዚያው ድርጅቱ የሚለቀውን ኦፕሬተር ውል ለጥቂት ሳምንታት ቢያራዝም ወይም ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር በቀን ክፍያ ቢያመጣ ይሻላል። ሁለቱም ካልተቻሉ ጭነቱ በጫኝና አውራጅ ይራገፍ፣ ውስጥ ለውስጥ በፓሌት ጋሪ ይጓጓዝ፤ የፎርክሊፍቱ ቁልፍም በማሽኑ ላይ ተሰክቶ እንዳያድር ስቶር ኪፐሩ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ።